መሪ ሲዞር የሚጮኸው ሁሉ ሲቪ ጆይንት አይደለም

ሰሞኑን በደሴና በኮምቦልቻ ሹፌሮች መካከል ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አነበብኩ። ጉዳዩ መኪና ሲታጠፍ ከፊት እግሩ ስለሚሰማ ድምፅ ነው። ጸሐፊው ብዙ የነዱ ሰው መሆናቸው ያስታውቃል። ሹፌሩን ካላስፈላጊ ወጪ ለማዳን ማሰባቸውም የሚመሰገን ነው። ነገር ግን ምክራቸውን እንዳለ የሚከተል ሰው ኪሱ ይጎዳል። አንዱ ምክራቸው ደግሞ ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል። አይቼ ዝም ማለት ያልቻልኩት ለዚህ ነው።

ላላነበበው ሰው የጽሑፉ ሐሳብ በአጭሩ ይህን ይመስላል። መኪና ሲታጠፍ ድምፅ ካሰማ ሲቪ ጆይንቱ፣ ማለትም የሞተሩን ኃይል ወደ ጎማ የሚያደርሰው መገጣጠሚያ፣ አልቋልና ይቀየር። ሲጥ ሲጥ የሚል ከሆነ ጎሚኒዎቹ፣ በብረቶቹ መሐል ያሉት ላስቲኮች፣ ላይ የተቃጠለ ዘይት ይፍሰስ። ቀጥ ብሎ ሲሄድ ዝም ካለ አያሰጋም፣ ለቦሎ ምርመራ እስኪኬድ ይቆያል። አዲስ ዕቃ ተገጥሞ መልሶ ከጮኸ ዕቃው ፎርጅድ ነው፤ ስለዚህ ሁልጊዜ ያገለገለ የጃፓን ዕቃ ይገዛ። አንዴ ከተፈታ ደግሞ የፊት እግሩ በሙሉ ይታደስ።

በየተራ ልመልስ።

ድምፅ ሁሉ ሲቪ ጆይንት ነው ስለተባለው

ከሁሉ በፊት መኪናው ከፊት ሲቪ ጆይንት አለው ወይ? ይህ መገጣጠሚያ የሚያስፈልገው የሞተሩ ኃይል ወደ ፊት ጎማ ለሚሄድበት መኪና ነው። ጎማው ወደ ግራም ወደ ቀኝም ታጥፎ ኃይሉ ሳይቆራረጥ እንዲደርሰው ያደርጋል። ቪትዝ አለው። ያሪስ አለው። በደሴ ታክሲ ሆኖ የሚሠራው የተለመደው ቶዮታ ሃይኤስ ሚኒባስ ግን ኃይሉ ወደ ኋላ ጎማ ነው። የጭነት አይሱዙም እንደዚያው። የሚኒባስ ሹፌር ያን ጽሑፍ አንብቦ መለዋወጫ ሱቅ ቢሄድ፣ መኪናው ላይ የሌለ ዕቃ ሊጠይቅ ነው።

አለው እንበል። የሲቪ ጆይንት ድምፅ የራሱ ጠባይ አለው። ጠቅ ጠቅ ጠቅ ይላል። መሪው በደንብ ተጠምዝዞ ነዳጅ ሲሰጥ ይብሳል። ጎማው ሲፈጥን ጠቅታውም ይፈጥናል። መሪው ሲቃና ብዙውን ጊዜ ይጠፋል። ይህን ለማረጋገጥ ሰፋ ያለ ሜዳ ይፈለግና መሪውን እስከ ጥግ አዙሮ፣ ነዳጅ ሰጥቶ፣ በዝግታ ክብ መዞር ነው። አንድ ጊዜ በግራ፣ አንድ ጊዜ በቀኝ። ደሴ ላይ ለጥ ያለ ቦታ እንደልብ ስለማይገኝ ኮምቦልቻ ላይ መሞከሩ ይቀላል። ወደ ግራ ሲዞር ከጮኸ ብዙ ጊዜ የቀኙ ነው፣ ወደ ቀኝ ሲዞር ከጮኸ የግራው። ምክንያቱም በመታጠፊያ ላይ ጫናው ወደ ውጭኛው ጎማ ይሄዳል።

ጆሮ ብቻ አይበቃም፣ ዓይንም ይጨመር። ሲቪ ጆይንቱን የሚሸፍን፣ እንደ አኮርዲዮን የተጣጠፈ ላስቲክ አለ። ውስጡ ግራሶ ነው። ላስቲኩ ሲቀደድ ጎማው እየተሽከረከረ ግራሶውን ይረጨዋል፤ አቧራና ውሃ ደግሞ በቀዳዳው ይገባል። በቸርኬው ውስጠኛ ጎንና የመኪናውን ንጥረት በሚያረግበው በአሞርዛተሩ እግር ላይ ጥቁር ግራሶ ተረጭቶ ከታየ ጥርጣሬው መሠረት አለው። ላስቲኩ ደህና ከሆነ፣ ግራሶ ካልወጣ፣ ጠቅታም ከሌለ ግን ሲቪ ጆይንቱን ትቶ ሌላ መፈለግ ነው። ላስቲኩ ተቀዶ ገና ድምፅ ያልጀመረ ከሆነም ፈትቶ፣ አጥቦ፣ አዲስ ግራሶ ሞልቶ፣ አዲስ ላስቲክ ማልበስ ብዙ ጊዜ በቂ ነው። ጽሑፉ ይህን ርካሽ መፍትሔ ጭራሽ አላነሳውም።

የማውቃት አንዲት የቪትዝ ባለቤት አለች። ጠዋት ከግቢ ለመውጣት መሪ ስትጠመዝዝ ከቀኝ ጎማ በላይ ዷ ይላል። አንድ ጋራዥ በጽሑፉ ላይ እንደተባለው ሁለቱንም ሲቪ ጆይንት ቀየረላት። ድምፁ ግን እዚያው ነው። መኪናው እኮ የሚጮኸው ቆሞ ነበር! ጎማው ሳይሽከረከር የሲቪ ጆይንት ጠቅታ ከየት ይመጣል? ይህን አንድ ጥያቄ የጠየቃት ሰው ቢኖር ኖሮ ገንዘቧ ይተርፍ ነበር። ችግሩ የአሞርዛተሩ የላይኛው መቀመጫ ነው የተገኘው። እዚያ ውስጥ ትንሽ ኩሽኔታ አለች። መሪ ሲዞር ሞላውና አሞርዛተሩ አብረው እንዲዞሩ የምታደርገው እሷ ናት። ስትደርቅ ወይም ስትዝግ ሞላው መዞር እያቃተው ይጠመዘዛል፣ ከዚያ ድንገት ይለቀቃል። ዷ የሚለው ያኔ ነው።

ይህን ለመለየት ጋራዥ እንኳ አያስፈልግም። አንድ ሰው መሪውን በዝግታ ግራና ቀኝ ያዙር። ሌላው በጎማው በላይ እጁን ሰድዶ ሞላውን ከውጭ በኩል በመዳፉ ይንካ። ጣት በሞላው ክቦች መካከል እንዳይገባ። መቀመጫው ደህና ከሆነ ሞላው ለስለስ ብሎ ይዞራል። ከተበላሸ ደግሞ ቆም ይልና ዘለል ሲል እጅ ላይ ይታወቃል።

በፍጥነት ላይ ኡኡ የሚል ድምፅ ሌላ ነገር ነው። ከኮምቦልቻ ወደ ሐርቡ በሚወስደው መንገድ ሲፈጥን አብሮ እየጨመረ፣ በትንሹ ወደ አንድ ጎን ሲታጠፍ ደግሞ የሚጎላ ወይም የሚቀንስ ከሆነ የጎማው ኩሽኔታ ይጠረጠር። ወደ ግራ ሲታጠፍ የሚጎላ ከሆነ መጀመሪያ የቀኙ ይታይ። ጎማው ከመሬት ተነሥቶ በእጅ ይሽከርከር፤ ሌላኛው እጅ ሞላው ላይ ይረፍ። የተበላ ኩሽኔታ ንዝረቱ በሞላው በኩል ይሰማል።

ሌሎቹን ቶሎ ልለፋቸው። መሪ ጥግ ሲደርስ ፍትግ ፍትግ ካለ ጎማው የውስጥ ሽፋኑን እየነካ ሊሆን ይችላል፣ በተለይ ከልኩ ሰፋ ያለ ጎማ የተገጠመ እንደሆነ። የብረት ፍትጊያ ከሆነ በፍሬን ዲስኩና ከጀርባው ባለው ስስ ቆርቆሮ መካከል ጠጠር ገብቶ ይሆናል፤ ከፒስታ መንገድ የተመለሰ መኪና ላይ የተለመደ ነው። በዘይት የሚሠራ መሪ ጥግ ላይ ሲያዝ ቢያጓራ የተፈጥሮው ነው፤ ጥግ ላይ ለረጅም ጊዜ አለመያዝ ይበቃል። ከጥግ ውጭም ካጓራ ግን ዘይቱ ይታይ። ላንድክሩዘርና ሃይሉክስ የሚነዱ ደግሞ የፊት ጎማውን ኃይል ካስገቡ በኋላ ደረቅ አስፋልት ላይ አጥብቀው ከታጠፉ መኪናው ይያዛል፣ ይነጥራል፣ ይንቋቋል። እሱ ብልሽት አይደለም። የፊት ጎማውን ኃይል መልሶ ማውጣት ነው፣ አለበለዚያ ብልሽት ይሆናል።

እንዲያውም ከሁሉ በፊት የዕቃ መጫኛው ይፈተሽ። ያልታሰረ ክሪክና ልቅ የመጠባበቂያ ጎማ በየመታጠፊያው ይንከባለላሉ። የጎማ ብሎኖችም ይታዩ፣ በተለይ ጎማው ሰሞኑን ጎሚስታ ቤት ከገባ። ልል ብሎን ሲታጠፍ ኳ ኳ ይላል፤ እሱን ሳያጠብቁ አንድ ሜትርም መነዳት የለበትም።

የተቃጠለ ዘይት ይፍሰስ ስለተባለው

ጸሐፊው ዘይት ሲፈስ ሲጥታው ይጠፋል ያሉት እውነት ነው። ለጥቂት ቀን ይጠፋል። በኋላ የሚሆነውን ግን አልጻፉትም። ጎሚኒ ማለት ብረትና ብረት እንዳይፋተጉ መሐል የሚገባው ላስቲክ ነው። የተለመደው የጎሚኒ ላስቲክ የሞተር ዘይት ሲነካው ይመጠዋል። ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ ከዚያ ይሰነጠቃል። አቧራው ደግሞ ዘይቱ ላይ ተለጥፎ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይበላዋል። ሲጥ ይል የነበረው ጎሚኒ ከጊዜ በኋላ ኳ ኳ ማለት ይጀምራል።

የበለጠ የሚያስፈራኝ ሌላው ነው። ከላይ የፈሰሰ ዘይት የሚንጠባጠበው ወደ ታች ነው። ታች ያለው የፍሬን ዲስክና ሸራ ነው። ዘይት የነካው ፍሬን ይዞ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለውን የሐረጎን ቁልቁለት መውረድ ምን ማለት እንደሆነ ለደሴ ሹፌር ማስረዳት አያስፈልግም።

ሲጥታው ከየትኛው ጎሚኒ እንደሚመጣ ለማወቅ ውሃ ይበቃል። በእጅ መርጫ አንዱን ጎሚኒ ማራስ፣ ከዚያ ሰው መኪናውን ወደ ታች እየገፋ እንዲያወዛውዝ ማድረግ። ድምፁ ካልተለወጠ ወደሚቀጥለው መሄድ። ውሃ ነክቶት ዝም ያለው እሱ ነው። ውሃው ሲደርቅ ድምፁ ይመለሳል፤ ላስቲኩ ላይ ግን ጉዳት አይተውም። ጎሚኒው ካልተሰነጠቀ ለላስቲክ የሚሆን የሲሊኮን ግራሶ ይቀባ። ከተሰነጠቀ ይቀየር። መኪናው ሲታጠፍ እንዳያዘነብል የሚይዘው ዘንግ፣ የስታብላይዘር፣ ጎሚኒ ለምሳሌ ትንሽ ዕቃ ናት፤ ሥራዋም ብዙ አይደለም።

እዚህ ላይ ለደሴ ሰው አንድ ነገር ልጨምር። ላስቲክ ሲበርደው ይጠነክራል። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ኮምቦልቻ ከሷ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ 600 ሜትር ገደማ ዝቅ ትላለች። ጠዋት ደሴ ላይ ሲጥ ሲጥ ያለው መኪና ከሰዓት ኮምቦልቻ ላይ ዝም ሊል ይችላል። ሹፌሩ ተሻለው ብሎ ይመለሳል፣ በማግሥቱ ጠዋት እንደገና ይጀምራል። ስለዚህ መኪናው ደሴ ካደረ መካኒኩ ዘንድ ገና ሳይሞቅ፣ በጠዋት ይቅረብ። ቀትር ላይ ወስዶ ምንም የለውም ተብሎ መመለስ የሁለቱንም ጊዜ ማባከን ነው።

ቀጥ ብሎ ሲሄድ ዝም ካለ አያሰጋም ስለተባለው

በዚህኛው በፍጹም አልስማማም።

ቦል ጆይንት የጎማውን ማዞሪያ ከታችኛው ክንድ፣ ማለትም ጎማውን ከመኪናው አካል ጋር ከሚይዘው ብረት፣ ጋር የሚያያይዝ መገጣጠሚያ ነው። ጎማው ወደ ላይና ወደ ታች እንዲንቀሳቀስ፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝም እንዲታጠፍ የሚፈቅደው እሱ ነው። ውስጡ ሲበላ ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ዝም ሊል ይችላል። ጭንቅ የሚገባው ሲታጠፍ ነው፣ ፍሬን ሲያዝ ነው፣ ጉድጓድ ሲገባ ነው። ያኔ ኳ ይላል፣ ወይም ዝገት እንዳለበት ማጠፊያ ይንቋረራል። ጭራሽ ሲለቅ ጎማው ወደ ጎን ይወድቃል፣ መኪናው በዚያ በኩል መሬት ይመታል፣ መሪው ትርጉም አይኖረውም። ይህ የሚሆነው ቀጥ ባለው መንገድ ላይ ሳይሆን ጭነቱ በሚበረታበት ቦታ ነው። የኛ መንገድ ደግሞ ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ መታጠፊያና ቁልቁለት ነው፤ በአንድ በኩል ገደል፣ በሌላ በኩል ከጅቡቲ መስመር የሚወጣ ከባድ መኪና። በመታጠፊያ ላይ ብቻ የሚሰማ ድምፅ ሐረጎ ላይ አያሰጋም የሚባልበት ምክንያት አይታየኝም።

ምርመራው ረጅም አይደለም። መኪናው ሜዳ ላይ ይቁም፣ የእጅ ፍሬን ይያዝ፣ የኋላ ጎማው በታኮ ይደገፍ። በክሪክ ይነሣና ሻንሲው በጠንካራ መደገፊያ ላይ ይረፍ። በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር ማንም እንዳይገባ። ጎማውን ግራና ቀኙን ይዞ መነቅነቅ፤ እዚህ ላይ ልል ካለ ብዙ ጊዜ መሪውን ከጎማው ጋር የሚያገናኘው ዘንግ፣ ታይሮዱ፣ ነው። ቀጥሎ ላይና ታቹን ይዞ መነቅነቅ፤ እዚህ ላይ ልል ካለ ወይ ቦል ጆይንቱ ነው ወይ የጎማው ኩሽኔታ። ሁለቱን ለመለየት ረዳቱ ፍሬን ረግጦ ይያዝ። ፍሬን ሲያዝ ልሉ ከጠፋ ኩሽኔታው ነው። ፍሬን ተይዞም ከቀጠለ ወደ ቦል ጆይንቱ ይኬድ። በመጨረሻ ከጎማው ሥር ረዘም ያለ ብረት አስገብቶ ወደ ላይ ፈንቀል ማድረግ ነው። ሌላ ሰው ቦል ጆይንቱን እያየ ነው ይህ የሚሠራው። ክሪኩ የሚገባበት ቦታ እንደ መኪናው ዓይነት ይለያያል። ጭነቱ ቦል ጆይንቱን እንደተጫነው ከቀረ ልሉ ይደበቃልና ባለሙያው የመኪናውን አሠራር አይቶ ይምረጥ።

የጭነት አይሱዙ ነገር ትንሽ ለየት ይላል። ፊት ለፊቱ ሁለቱን ጎማ የሚያያይዝ አንድ ወጥ ብረት፣ ድፍን አክስል፣ ነው፤ በባሌስትራ፣ በተደራረበ የብረት ሞላ፣ ላይ የተቀመጠ። ጎማው የሚታጠፈው በፔርኖ፣ ቆሞ በገባ ወፍራም ብረት፣ ዙሪያ ነው። ፔርኖው ግራሶ ይፈልጋል። መሪ ሲዞር መንቋረር ከጀመረና መሪው ከከበደ መጀመሪያ የግራሶ መሙያው ይጠረግና አሮጌው ግራሶ እስኪወጣ ይሞላ። ከዚያም ከነቀነቀ ፔርኖውና የሚዞርበት ቀለበት፣ ቡሹ፣ አልቀዋል።

ሊቆይ የሚችል ድምፅ የለም እያልኩ አይደለም። የጎሚኒ ሲጥታ ይቆያል። የስታብላይዘር ሊንክ ኳታ ለተወሰነ ጊዜ ይቆያል። ገና የጀመረ የሲቪ ጆይንት ጠቅታ መንገድ ላይ ድንገት አያስቀምጥም፣ ግን ለረጅም ጉዞ አይታመንም። ቦል ጆይንት፣ ታይሮድ፣ የሚነቃነቅ የጎማ ኩሽኔታና ልል ብሎን ግን አይቆዩም። ቦሎም ሆነ አዲስ አበባ ደርሶ ማሠራት አይጠበቅም። አዲስ አበባ ከደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በልል ቦል ጆይንት ያን ያህል መንዳት ሌላውን የመንገዱን ሰው ሁሉ አደጋ ላይ መጣል ነው።

አዲሱ ዕቃ ከጮኸ ፎርጅድ ነው ስለተባለው

ፎርጅድ ዕቃ ገበያውን እንዳጥለቀለቀው እኔም አውቃለሁ። በዚህ ጸሐፊውን አልቃወምም። ግን አዲስ ጎሚኒ ጮኸ ተብሎ ሁልጊዜ ዕቃው አይወቀስም። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ አገጣጠሙ ላይ ነው።

የታችኛው ክንድ ጎሚኒ ውስጥ የብረት ቱቦ አለ። ላስቲኩ ከቱቦው ጋር ተጣብቋል። ብሎኑ ሲጠብቅ ቱቦው ይያዛል፤ ክንዱ ወደ ላይና ወደ ታች ሲል ላስቲኩ በመጠምዘዝ ይታዘዛል። አሁን ነገሩን አስቡት። መኪናው ተነሥቷል፣ ጎማው ተንጠልጥሏል፣ ክንዱ ወደ ታች ወርዷል። መካኒኩ ብሎኑን እዚያው ላይ አጥብቆ ጨረሰ። መኪናው መሬት ሲወርድ ክንዱ ወደ ላይ ይወጣል። ላስቲኩ ግን በተንጠለጠለበት ሁኔታ ስለተያዘ መኪናው ቆሞም እንኳ ተጠምዝዞ ይኖራል። ጉድጓድ በመጣ ቁጥር ደግሞ ከዚያ በላይ ይጠመዘዛል። ያንቋርራል፣ ከጊዜው በፊትም ይቀደዳል። ምርጥ ኦሪጅናል ዕቃ ቢሆንም አይድንም።

ትክክለኛው አሠራር ቀላል ነው። ብሎኖቹ መጀመሪያ በእጅ ያህል ይያዙ። መኪናው በጎማው ይቁም፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ትንሽ ይንቀሳቀስ። የመጨረሻው ማጥበቅ ከዚያ በኋላ ነው። ሥሩ ለመግባት ጉድጓድ የሌለው ጋራዥ መኪናውን በዝግጁ መወጣጫ ላይ ሊያወጣው ይችላል፣ ወይም መኪናው በመደገፊያ ላይ እንዳለ በታችኛው ክንድ ሥር ክሪክ አስገብቶ ክንዱን ወደ መደበኛ ቦታው ማንሣት ይቻላል። ባለመኪናዎች፣ ይህን መካኒካችሁን ለመጠየቅ አትፈሩ። አዋቂ መካኒክ ጥያቄውን አይጠላም።

አሞርዛተር ሲቀየርም ተመሳሳይ ስሕተት አለ። የሞላው ጫፍ የሚቀመጥበት የተሰናዳ ጉድጓድ አለው። ጫፉ እዚያ ካልገባ መሪ ሲዞር ሞላው እየዘለለ ዷ ይላል። አሮጌውን የላይኛ መቀመጫ አዲስ አሞርዛተር ላይ መልሶ መግጠምም ያው ነው። ዕቃው አዲስ፣ ድምፁ አሮጌ ይሆናል።

ያገለገለ ይገዛ፣ ሁሉም ይቀየር ስለተባለው

ያገለገለ የጃፓን ዕቃ ለአንዳንዱ ነገር ጥሩ ነው። ላስቲኩ ያልተቀደደ፣ ሲታጠፍ የማይንቀጠቀጥ ሙሉ የሲቪ ጆይንት ዘንግ ከማይታወቅ አዲስ ሊበልጥ ይችላል። ቦል ጆይንት፣ ጎሚኒና አሞርዛተር ግን ያገለገለ አይገዛም። ላስቲክ በመደርደሪያም ያረጃል። የቦል ጆይንት ውስጡ ምን ያህል እንደተበላ ደግሞ በዓይን አይታይም።

ሁሉንም በአንድ ጊዜ ማደስ ለጋራዡ ይመቻል፤ ለባለቤቱ አይመችም። ሁሉም ከተቀየረ የትኛው እንደነበር ሳይታወቅ ይቀራል። ሞላና አሞርዛተር በጥንድ ይቀየሩ፣ ምክንያቱም አንዱ ጠንካራ አንዱ ለስላሳ ከሆነ መኪናው መታጠፊያ ላይ ሚዛኑን ያጣል። ቦል ጆይንት፣ ታይሮድና ሊንክ ግን ተመርምረው ያለቀው ይቀየር። የወጣው አሮጌ ዕቃ ለባለቤቱ ይሰጥ፤ እጅ ላይ ይዞ ልሉን ማየት ይቻላል።

ጽሑፉ ያላነሳው አንድ ነገር ቀረ። ታይሮድ፣ የታችኛው ክንድ ወይም አሞርዛተር ከተፈታ አላይመንት፣ ማለትም የጎማዎቹን አቅጣጫ ማስተካከል፣ መሠራት አለበት። ካልተሠራ መሪው ወደ አንድ ጎን ይስባል፣ አዲስ ጎማም ቢሆን በአንድ ጠርዙ ቶሎ ያልቃል። አላይመንቱ የሚሠራው ልሉ ሁሉ ከጠፋ በኋላ ነው፤ በሚነቃነቅ ታይሮድ ላይ የተሠራ አላይመንት በመጀመሪያው ጉድጓድ ይበላሻል። ጥቂት ቀን ከተነዳ በኋላ ደግሞ የተፈቱት ብሎኖች በሙሉ በቁልፍ እንደገና ይፈተሹ።